ጭጋግ ነው ጭስ?

ባለፈው ክረምት አምቦ ነበርኩ። ዝናቡ ለቀናት ከቤት ስላላስወጣኝ የጀመርኩትን ሥዕል ለመጨረስ ጊዜ አገኘሁ። ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ያለው የከተማው ጎን፣ ከኋላው ወደ ወንጪ የሚወጣው ከፍታ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የሐምሌ ጭጋግ። ሁሉም በከሰል፤ ቀለም የሚባል ነገር የለበትም። ሲያልቅ ወንበር ላይ አስደግፌ ለአያቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቀረብ ብለው አዩ፣ ራቅ ብለው አዩ።

«ምን ተቃጠለ?» አሉኝ።

«ኧረ ጭጋግ ነው! ሁሪ!» አልኳቸው። ቤታችን ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ እንደመጣልን ስለምንቀላቅል፣ ምናልባት ቃሉ ይሆናል ያልተግባባነው ብዬ ነው።

«ሁሪማ አውቃለሁ። ይሄ ግን ጭስ ነው» አሉና ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

መጀመሪያ ከፋኝ። ቆይቼ ሳየው ግን ልክ ነበሩ። ቀለም በሌለበት ሥዕል ጭጋግም ጭስም ያው ግራጫ ናቸው። አምቦ ውስጥ ደግሞ ይሄ ስህተት ቀላል ስህተት አይደለም። በ2006 የተማሪዎቹ ተቃውሞ ጊዜ፣ ከዚያም ኅዳር 2008 ላይ ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ ሲዛመት፣ የከተማችን ስም ከሚነድ ጎማ ጋር አብሮ በየስልኩ ዞሯል። አያቴ ያንን ጭስ ከደጃቸው ቆመው አይተውታል። አምቦን በግራጫ የሚሥል ሰው ይሄንን ሳያስብ መሣል አይችልም፤ እኔ ግን ሳላስብ ሣልኩ።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዤ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ግራጫ እንዴት ብሎ ጭጋግ ይሆናል? እንዴት ብሎስ ጭስ ይሆናል? ጥያቄው የእጅ ሥራ ጥያቄ ይመስላል። እየቆየ ግን የታሪክ ጥያቄ ሆነብኝ፤ ምክንያቱም ይቺ ግራጫ ወደ እኛ አገር ሥዕል የገባችበት መንገድ አላት።

ሰዓት የሌለው ሥዕል

አያቴ በሕይወታቸው ብዙ ያዩት ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። እስቲ አንዱን አስታውሱ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ዘንዶው ከሥር። ስንት ሰዓት ነው? ፀሐይዋ በየት በኩል ናት? ፈረሱ መሬት ላይ ጥላ ጥሏል? በአብዛኞቹ ላይ አልጣለም። ቀለሙ ሙሉና ዝርግ ነው፣ ዙሪያው በጥቁር መስመር ተከቧል፣ ከኋላ ያለው ቢጫ ወይም ቀይ ሰማይ አይደለም። ይሄ የችሎታ ማነስ ተደርጎ ሲነገር ሰምቼ አውቃለሁ። አልስማማም። በዚያ ሥዕል ውስጥ ብርሃኑ ከአንድ ጎን አይመጣም፤ ስለዚህ ጥላ የሚወድቅበት ጎን የለም። ጠዋት አይደለም፣ ማታም አይደለም። የቅዱሱ ነገር ሁልጊዜ ነው።

ሠዓሊዎቻችን ጥላ ያለው ሥዕል ሳያዩ ቀርተውም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1590 እና 1591 ሮም ውስጥ የሜዲቺ ማተሚያ ቤት ወንጌልን በዐረብኛ አሳተመ። በውስጡ ብዙ ሥዕሎች ነበሩበት፤ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው፣ በእንጨት ላይ ተቀርጸው በጥቁር ቀለም የታተሙ። ጥላው የተሠራው ጎን ለጎን በተደረደሩ ቀጫጭን ጭረቶች ነው። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎችም ከእሱ ብዙ ትዕይንቶችን ቀዱ። ደስ የሚለኝ የቀዱበት መንገድ ነው። የሰዎቹን አቋቋም፣ የእጆቹን ምልክት፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቆም ወሰዱ። ጭረቶቹን በአብዛኛው ተዉአቸው። ጥቁርና ነጭ የነበረውን በደማቅ ቀለም ሞሉት። ግራጫዋ በር አንኳኩታ ነበር፤ አላስገቧትም።

በኋላ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን አካባቢ ፊቶች ለስለስ ያለ ጥላ ማግኘት ጀመሩ። ጉንጭ ይሞላል፣ አንገት ይዞራል። ያ ጥላ ግን ገላን ክብ ለማድረግ የተጨመረ ነው። የአየሩን ሁኔታ አይነግርም፤ ደመና ነው ወይስ ፀሐይ አትሉም።

ጥላ የሚለው ቃላችን ራሱ ብዙ ነገር ተሸክሟል። ዛፉ ሥር የምናርፍበት ጥላ ነው፣ ከኋላችን የሚከተለን ጥላ ነው፣ ለዝናብ የምንዘረጋው ጥላ ነው፤ ግርማ ያለው ሰውም ጥላው ይከብዳል። ኦሮምኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይለያቸዋል። የሚታረፍበት ጋዲሳ ነው፣ የሚከተለው ጋዲዱ። ሥዕል መማር ስጀምር ያስቸገረኝ ይሄ ነበር። እኔ የምሥለው ሁሉ ጋዲዱ ነው፤ ነገሮች ላይ የተለጠፈ ጥቁር። ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ጋዲሳ እንዴት እንደሚሣል አላውቅም ነበር።

ድንጋይና ካኪ ወረቀት

የሸዋ አየር ጠባይ በጥላና በብርሃን ተሥሎ በብዛት የታተመው በእንግዳ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተባለ እንግሊዛዊ የመራው ልዑክ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ ነበር። አብሮት ዮሐን ማርቲን በርናትስ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበረ። ልዑኩ የተቀመጠው አንኮበርና አንጎለላ ነው፤ አምቦ ከዚያ በስተምዕራብ ብዙ ትርቃለች። በርናትስ ያነሳቸው ትዕይንቶች እ.ኤ.አ. በ1852 በሁለት ቅጽ ታተሙ፤ አንዱ የአፋር ቆላ፣ ሌላው የሸዋ ደጋ።

የተሠሩት በሊቶግራፊ ነው፣ የድንጋይ ኅትመት በሉት። ነገርዬው ቀላል ነው። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው ጠመኔ ይሣላል፣ ከዚያ ድንጋዩ ይረጥባል፣ ከዚያ ቀለም ይደረግበታል። ቅባት ውኃን ስለሚጠላ ቀለሙ የሚይዘው በተሣለው ቦታ ብቻ ነው። ድንጋዩ ፊቱ ሸካራ ስለሆነ ጠመኔውን ቀለል አድርገህ ብታልፍበት ነጠብጣብ ግራጫ፣ ጫን ብትል ጥቁር ይሰጥሃል። በእንጨት ቅርጽ በጭረት የሚገኘው ግራጫ እዚህ እንደ ጭጋግ ያለ ስፌት ይመጣል። በርናትስ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ድንጋይ ይጨመራል፤ ወረቀቱን በሙሉ ዳማ ነገር የሚቀባ። በጣም የበራው ቦታ ብቻ፣ ለምሳሌ የደመና ጫፍ፣ ሳይቀባ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ይሄንን የተረዳሁት ሱቅ ውስጥ በሚሸጥ ካኪ ወረቀት ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ስትሥሉ ግራጫውን በሙሉ እናንተ ናችሁ የምትሠሩት፤ ደክሟችሁ ታቆማላችሁ፣ ሥዕሉም ገርጥቶ ይቀራል። ካኪ ላይ ግን መሃለኛው ድምቀት ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ከሰሉን ለጨለማው፣ ትንሽ ነጭ ጠመኔ ለሰማዩ፣ በቃ። ሠዓሊዎች ቶን የሚሉት ይሄንን ከነጭ እስከ ጥቁር ያለውን መሰላል ነው። ጥሩ ሥዕል መሰላሉን በሙሉ አይወጣም። አምስት ደረጃ ይበቃል፤ ዋናው የትኛው ደረጃ ብዙ ቦታ እንደያዘ ነው። ጨለማው ከበዛ ይከብዳል፣ መሃለኛው ከበዛ ይተኛል፣ ነጩ ከበዛ ቀትር ይሆናል። ድባብ የምንለው የዚህ ክፍፍል ውጤት ነው። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ክፍፍሉ ብቻ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ሥዕል ውስጥ ጥላ ሲገባ ሰዓት ይገባል። ሰዓት ሲገባ ደግሞ፣ በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ይገባል። የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል የማንም ዕይታ አይደለም። የበርናትስ ግን የበርናትስ ነው፤ ከልዑክ ጋር መጥቶ ከፍታ ላይ የቆመ እንግዳ። ያው ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1844 ባወጣው መጽሐፍ ንጉሡ ወደ ኦሮሞ አገር ያደረጉትን ዘመቻ ተከትሎ ያየውን ጽፏል፤ የተቃጠሉ መንደሮች፣ የተነዱ ከብቶች፣ የተገደሉ ሰዎች። ስለዚህ በዚያ ዘመን በሸዋ አድማስ ላይ የሚታይ ግራጫ ሁሉ የማለዳ አየር አልነበረም። የጉዞ ሥዕል ስናይ ውበቱን ማድነቅ ነውር የለውም። ግን አያቴ እንዳሉት መጠየቅ ጥሩ ነው። ምን ተቃጠለ?

ባሕር ዛፍ የለወጠው ጥቁር

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትሄዱ በመስኮት በኩል ያለው መንገድ የቶን ትምህርት ነው። ከሆለታ በፊት በግራ በኩል የመናገሻ ጽድ አለ፤ በሥዕል ቋንቋ ከርቀትም ቢሆን በጣም ጥቁሩ ደረጃ። ጊንጪ አካባቢ መሬቱ ራሱ ጥቁር ነው፤ ኮትቻ፣ ዋልካ። ሰኔ ላይ ታርሶ ሲረጥብ ሰማዩ ከመሬቱ ይልቅ እጅግ ይበራል። ኅዳር ላይ ጤፉ ሲደርስ ተገልብጦ መሬቱ ይበራል፣ ደመና የሌለው ሰማይ ደግሞ ይጠልቃል። ያው ቦታ፣ ያው ኮረብታ፣ ክፍፍሉ ግን ሌላ ነው፤ ስለዚህ ስሜቱም ሌላ።

መሃል ላይ አዲስ ዓለም አለች። ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ እንጨት ስላለቀ። በኋላ አዲስ አበባን ያተረፈው ባሕር ዛፍ ነው ይባላል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦም ያቆጠቁጣል። አዲስ ዓለም ከተማ መሆኗ ቀርቶ የማርያም ደብር ሆነች። ሠዓሊ ዓይን ይዞ ለሚያይ ሰው ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የጽድ ጥቁር ድፍን ነው፤ ብርሃን ይውጣል። ባሕር ዛፍ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ቅጠሉ ፈዛዛ ግራጫ ነው፣ በመሃሉ ሰማዩ ይታያል። አንድ ዛፍ መጥቶ የምዕራብ ሸዋን ጥቁር በግራጫ ተካው። በርናትስ የሸዋን ደጋ ሲሥል ይሄ ዛፍ አገራችን አልነበረም። እኔ ዛሬ ብሥለው ባሕር ዛፉን ልተው ብል እንኳ አልችልም፤ አድማሱን የሠራው እሱ ነው።

ግራጫ የሌለበት ጥቁር

አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲከፍቱ፣ ከሰልና እርሳስ የትምህርቱ መጀመሪያ ሆኑ። ያ ትልቅ ለውጥ ነው። ተማሪ ወንበር ይዞ፣ መስኮት ከየት በኩል እንዳለ አይቶ፣ ይሄ ማሰሮ በዚህ ሰዓት በየት በኩል ይጨልማል ብሎ የሚጠይቅበት ክፍል ተከፈተ ማለት ነው። ቆሞ የሚያየው ሰው አሁን እንግዳ አይደለም።

ግን እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ሌላ መንገድም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 ሃንሰን ባሂያ የተባለ፣ ሃምቡርግ ተወልዶ ብራዚል የኖረ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ሰው መጥቶ አስተማረ። በእንጨት ቅርጽ ግራጫ ብሎ ነገር የለም። እንጨቱ ከተፋቀ ነጭ ነው፣ ካልተፋቀ ጥቁር ነው። ያኔ ተማሪ የነበሩት ዘሪሁን የትምጌታም በወጣትነታቸው በዚህ ሙያ ሠርተዋል። ግራጫ ሳይኖር ድባብ ይኖራል? ይኖራል። ሁሉም ያለው ጥቁሩ ከነጩ ጋር ባለው ስፋት ላይ ነው። ሦስት እጅ ጥቁር ሆኖ አንዲት ነጭ ስንጥቅ ብትኖር፣ ሌሊትና በር ታያላችሁ። ያም መንገድ የድሮውን የብራና መስመር ይመስላል፤ ከሩቅ የመጣ መምህር ያስተማረው ነገር ከቤታችን ጥቁር ቀለም ጋር ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

ይሄ ለእኔ እፎይታ ነበር። ጥላና ብርሃን ከውጭ የመጣ፣ መስመር የእኛ፣ ብሎ መከፋፈል አያስኬድም። ሁለቱም እጃችን ላይ ናቸው። ጥያቄው ለምን እንደምንጠቀምባቸው ነው።

ሲያምር የሚያስፈራው

ድባብ ኃይለኛ ስለሆነ አደጋም አለው። በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ ብራዚላዊው ፎቶ አንሺ ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ ኮረም መጠለያ ያነሳቸውን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አይታችሁ ይሆናል። ጨረሩ በአቧራ ውስጥ ይወርዳል፣ ጋቢው እንደ ድሮ የሃይማኖት ሥዕል ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ኢንግሪድ ሲሺ የተባለች ሃያሲ ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ጠንከር አድርጋ ተቸችው። መከራን እንዲህ ማሳመር ሰውን ያስደንቃል እንጂ አያንቀሳቅስም አለች። ሌሎች ደግሞ ያ ውበት ለተራቡት ሰዎች ክብር ሰጥቷል ብለው ይከራከራሉ። እኔ በሁለቱ መሃል ነኝ። ግን ክርክሩ ስለ ግራጫ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ያው ሰው፣ ያው ድንኳን፣ በቀትር ብርሃን ቢነሳ ሌላ ነገር ይሰማን ነበር።

አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ሌላ መንገድ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ ያሳየቻቸው ሥራዎች የጋራ ርዕስ «ግራጫ አካባቢ» የሚል ትርጉም ያለው ነበር፤ የሕንፃ ንድፎች ተደራርበው፣ ተፍቀው፣ ደብዝዘው። ከዚያ በኋላ የዜና ፎቶዎችን በኮምፒውተር እያደበዘዘች በላያቸው ላይ መሥራት ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሠራቻቸው አንዱ መነሻው በአሜሪካ ፈርጉሰን ከተማ የነበረው ተቃውሞ ፎቶ ነው። ፎቶው ስለደበዘዘ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ድባቡ ግን አልጠፋም፤ አንድ ነገር እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ምን እንደሆነ ለማየት ትጠጋላችሁ። ጭሱን ለማሳመር አይደለም ያደበዘዘችው። እንድንጠጋ ነው።

እንደገና

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ሥዕሌ ተመለስኩ። ስህተቴ ምን ነበር? ጭስ መነሻ አለው። ሥሩ ላይ ጥቁር ነው፣ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ይሸፍናል፤ ከጎኑ ያለው ነገር እንደነበረ ጥርት ብሎ ይታያል። ጭጋግ መነሻ የለውም። ሁሉንም እኩል ይነካል፤ በራቀ ቁጥር ጥቁሩ ይነጣል፣ ልዩነቱ ይጠባል፣ ሩቁ ተራራና ሰማዩ አንድ ደረጃ ይሆናሉ። እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? ሥዕሉን አስደናቂ ላድርገው ብዬ ጭጋጉን ከጣሪያዎቹ ጀርባ አጥቁሬ ወደ ላይ አሳስቼዋለሁ። ከኋላው ያለውን ተራራ ደግሞ ጥርት አድርጌ ጠርዙን በመስመር አስሬዋለሁ። ሳላውቀው እሳት ለኩሻለሁ።

ሁለተኛውን ካኪ ላይ ጀመርኩት። ከሰሉን ራሴ አዘጋጀሁ። የምድጃ ከሰል ጠንካራ ስለሆነ ወረቀት ይቧጭራል፤ ስለዚህ ቀጫጭን እንጨቶችን ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ፣ አየር እንዳይገባ ክዳኑን በጭቃ መርጌ እሳት ውስጥ አስቀመጥኩ። ለማጥፊያ የዳቦ ልብ፤ ድሮ ላጲስ ሳይመጣ ሠዓሊዎች የሚጠቀሙት እሱን ነበር። የቅርቡን ባሕር ዛፍ ብቻ ጥቁር አደረግኩት። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ቤቶች ከወረቀቱ ትንሽ ብቻ ጨለም፤ ወለላቸውን በዳቦ አጠፋሁት፣ ጣሪያቸው ብቻ ቀረ። ተራራውን አልሣልኩትም። የት እንዳለ ለምታውቀው ለከተማው ሰው ተውኩት።

ለጳጉሜን እረፍት ይዤው ሄድኩና ያንኑ ወንበር ላይ አስደገፍኩት። አያቴ መነጽራቸውን አደረጉ። ብዙ ቆዩ። እኔም ዝም አልኩ።

«ይሄስ ሐምሌ ነው» አሉ። «ልብስ የማይደርቅበት።»